ምልክት

በሐምሌ መጨረሻ፣ ከሌሊት ጀምሮ ሲወርድ የቆየው ዝናብ ከቀትር በኋላ ጥቂት ጋብ ባለበት አንድ ሐሙስ፣ ኮረሪማ ልገዛ ወደ ገበያ ወጣሁ። ሐሙስ በጅማ የቆየ የገበያ ቀን ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በጅሬን ኮረብታ ላይ ሆነው ሲገዙ፣ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከሩቅ አገር የሚመጡ ነጋዴዎችን ያስተናግድ ነበር፤ ከተማዋም ያደገችው በዚሁ ገበያ ዙሪያ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት በሥራ ቦታዬ ከቀጠሮ የቀሩ ታካሚዎችን ካርድ ስለይ የአንድ ወጣት ካርድ እጄ ላይ ቆይቶ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አልመጣም፤ በየወሩ የሚወጋው መርፌ ተቋርጧል፤ በካርዱ ላይ የተጻፈው ስልክም አይሠራም። ካርዱን ወደ ቦታው ስመልስ «ይህ ልጅ ምን ሆኖ ይሆን?» ብዬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ባለችው ጥግ፣ ላስቲክ አንጥፈው ኮረሪማና ዝንጅብል የሚሸጡት ሴት የዚያው ወጣት እናት ሆነው አገኘኋቸው። ዓይናችን እንደተገናኘ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ረቢ ነው የላከሽ፣ ሲስተር! ረቢ ነው!» አሉኝ፤ እንባቸውም ወረደ። ልጃቸው ሌሊት እንደማይተኛ፣ ዱዓ አለ በተባለበት ቤት ሁሉ ጫት ሲቅም እንደሚያድር፣ ጎረቤት ሁሉ መርዝ ሊያበላው እንዳሰበ እንደሚናገር፣ ወደ ሕክምና እንሂድ ሲሉት በሩን ከውስጥ እንደሚዘጋ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ነገሩኝ። በማግስቱ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ወደ ቤታቸው ሄድን፤ ሰኞ ዕለት ወጣቱ በእግሩ መጣ።

እናቱ የሆነውን የሚተርኩት እስከ ዛሬ በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ፈጣሪ ነርሷን ወደ ገበያ ላካት። እኔ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ በአእምሮ ሕክምና ላይ የሠራሁ ሴት ነኝ፤ በኦርቶዶክስ ቤት ተወልጄ ያደግኩ፣ ዛሬም የምጸልይ፣ ነገር ግን በሙያዬ ውስጥ «ተላክሁ» የሚለውን ቃል በቀላሉ የማላነሣ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለው ግጥምጥሞሽ ለታመመ ሰውና ለቤተሰቡ ምን እንደሚሠራ፣ እኛ ባለሙያዎችም ከእርሱ ጋር ምን ማድረግ እንደሚገባን ለብዙ ዓመታት ሳስብ ቆይቻለሁ፤ የተሳሳትኩበትም ጊዜ አለ። (ስለ ታካሚዎቼ የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው፤ እንዳይታወቁም አንዳንድ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ።)

በመጀመሪያ የስሌቱን ነገር ልናገር፤ እውነት ነውና። በዚያን ዕለት ጠዋት ያየሁት ካርድ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ከአርባ ያላነሱ ካርዶችን አገላብጫለሁ። ከእነዚህ ታካሚዎች የአንዳቸውን እናት፣ ወንድም ወይም ሚስት በገበያ ባገኝ ኖሮ ያው መገረም ይገርመኝ ነበር። ማንንም ሳላገኝ የተመለስኩባቸውን ሐሙሶች ደግሞ አላስታውሳቸውም፤ ያልተገጣጠመ ነገር ታሪክ ሆኖ አይወራም። ፐርሲ ዲያኮኒስና ፍሬድሪክ ሞስቴለር የተባሉ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ግጥምጥሞሽ በጻፉት ጥናት፣ አጋጣሚዎቹ እጅግ ሲበዙ ለማመን የሚያስቸግር ነገር መከሰቱ እንደማይቀር አስረድተዋል። ብዙዎች የሚያውቁትን ምሳሌ ብናነሣ፣ በአንድ የታካሚዎች መጠበቂያ ክፍል 23 ሰዎች ቢቀመጡ፣ ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ከግማሽ በላይ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ አይዋጥለትም፤ አእምሯችን የሚያስበው «ከእኔ ጋር» ማን ይገጥማል ብሎ ነው እንጂ፣ በክፍሉ ውስጥ ሊገጥሙ የሚችሉትን ጥንዶች ሁሉ ቆጥሮ አይደለም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ በዚያ ጭቃ ላይ ቆሜ ለእናቲቱ «ዕድሉን ብናሰላው እኮ የሚያስገርም አይደለም» ብላቸው ምን እጠቅማቸው ነበር? የተናገሩት ነገር ማንንም አልጎዳም፤ ይልቁንም ሦስት ወር ተሸክመውት የነበረውን ሐሳብ ለሰው እንዲናገሩ አፋቸውን ከፈተላቸው። ስለዚህ ዝም አልኩ። ለመዝጋት ስል ዝም ያልኩባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ የዚያን ቀኑ ዝምታዬ ግን ከእነዚያ የተለየ ነበር።

በአማርኛችን ውስጥ ለእኛ ለባለሙያዎች ወጥመድ የሆነ አንድ ቃል አለ። «ምልክት» እንላለን። ታካሚ ሲመጣ የሕመሙን ምልክት እንጠይቃለን፤ እንቅልፍ ማጣት ምልክት ነው፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ምልክት ነው። ያው ታካሚ ደግሞ በራሱ ቋንቋ «ምልክት ታየኝ» ሲል፣ ከላይ የመጣለትን መልእክት መናገሩ ነው። እኔ ካርዱ ላይ የምጽፈውና እርሱ በልቡ የያዘው፣ በአንድ ፊደል የተጻፈ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ይህን የተማርኩት ከትምህርት ቤት አይደለም፤ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪን በአግባቡ ባለመስማቴ ነው።

ልጅቷ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ከቤተሰቧ ርቃ ጅማ የመጣች፣ ዝምተኛና ጎበዝ። በፈተና ሰሞን፣ ብዙ ሌሊት ሳትተኛ ከቆየች በኋላ፣ በጎዳና የሚያልፉ ባጃጆች የሰሌዳ ቁጥር የመዝሙረ ዳዊትን ምዕራፍ እንደሚያመለክታት ተረዳች። የመጨረሻዎቹን አኃዞች ታያለች፤ ወደ ክፍሏ ተመልሳ ያንን መዝሙር ትከፍታለች። የመጀመሪያው ስለ ተራሮችና ስለ ረድኤት የሚናገረው ነበር። ጅማ በኮረብታዎች የተከበበች ከተማ ናት፤ ልጅቷ ዶርሟ መስኮት ላይ ቆማ ወደ ኮረብታዎቹ ተመልክታ እንዳለቀሰችና ከብዙ ሳምንት በኋላ በዚያች ሌሊት እንደተኛች በኋላ ነግራኛለች። ነገሩ በዚያ ቢቆም ኖሮ ከእኔ ጋር አንገናኝም ነበር። ነገር ግን ባጃጆቹ አላቆሙም፤ የጅማ ጎዳና ባጃጅ አያጣም። በየቀኑ ሠላሳ፣ አርባ ቁጥር ተከተለ። ቁጥሩ ከመዝሙራቱ ብዛት ሲበልጥ ትርጉሙን ለማግኘት አኃዞቹን መደመር ጀመረች፤ ድምሩ ደግሞ ማዘዝ ጀመረ። ይህን አትብዪ፣ በዚህ በር አትግቢ፣ ከዚች ልጅ ጋር አታውሪ። ወደ እኛ ስትመጣ ከዶርም መውጣት አቁማ፣ በክፍሏ ውስጥም ዓይኗን በነጠላ ሸፍና ትቀመጥ ነበር፤ የሚመጣውን ቁጥር ላለማየት።

አባቷ በደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። ከሩቅ አገር መጥተው፣ መስቀላቸውን በእጃቸው እንደያዙ ፊቴ ተቀመጡ። ያን ዕለት ሰው በዝቶብን ነበር፤ እኔም በሙያው ገና አዲስ ነበርኩ፤ በዕውቀቴም እመካ ነበር። ልጅቷ ስለ መዝሙሮቹ መናገር ስትጀምር አቋረጥኳትና ወደ አባቷ ዞሬ «አባ፣ ይህ ምልክት ነው፤ መድኃኒት ያስፈልገዋል» አልኳቸው። እርሳቸውም በትሕትና አየት አድርገውኝ «ልጄ፣ እኛስ ምልክት ነው አይደል ያልነው?» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ በዚያን ሰዓት አልገባኝም። «የሕመም ምልክት» ማለቴን ለማስረዳት ቃል ጨመርኩ፤ ቃል በጨመርኩ ቁጥር በመካከላችን ያለው ርቀት ሰፋ። መድኃኒቱን ተቀብለው ወጡ፤ ቀጠሮም ያዙ። በቀጠሮው ቀን ግን አልመጡም። ልጅቷን ወደ ጠበል ወስደዋታል፤ በዚያም ክኒኑ ከጠበሉ ጋር አይሄድም ተብለው አቋርጠዋል። ከሰባት ወር በኋላ ስትመለስ ክብደቷ በጣም ቀንሶ ነበር፤ በእጆቿ አንጓ ላይም የታሰረችበት ገመድ ጠባሳ ነበር። የአእምሮ ሕመም ያለ ሕክምና በቆየ ቁጥር ለመዳን የሚወስደው ጊዜ እንደሚረዝም በሙያው ያለን ሁሉ እናውቃለን። እነዚያን ሰባት ወራት የወሰደው ገመዱን ያሰረው ሰው ብቻ ነው ብዬ ራሴን ማሳመን አልችልም። አባትየው በዚያች ክፍል ውስጥ ልጃቸው ስትሰማ አይተው ቢሆን ኖሮ፣ ጠበሉንና ክኒኑን አብረው ለመያዝ እኔን ይጠይቁኝ ነበር። እኔ ግን በር ዘጋሁባቸው።

ከዚያ በኋላ ስለ ግጥምጥሞሽና ስለ አእምሮ የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቁጥር አነብ ጀመር። ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ጉስታቭ ዩንግ፣ በምክንያትና በውጤት ያልተሳሰሩ ነገር ግን በትርጉም የተገናኙ ክስተቶችን «ሲንክሮኒሲቲ» ብሎ ሰየመ፤ ሐሳቡንም እ.ኤ.አ. በ1952 ከኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ከቮልፍጋንግ ፓውሊ ጋር በአንድ ጥራዝ አሳተመ። ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የጥንዚዛዋ ታሪክ ነው። አንዲት የተማረች፣ ሁሉን በአመክንዮ ካልሆነ የማትቀበል ታካሚ፣ ወርቃማ የጥንዚዛ ቅርጽ ያለው ጌጥ በሕልሟ እንደተሰጣት እየነገረችው ሳለ መስኮቱን የሚያንኳኳ ነገር ይሰማል። ዩንግ ሲከፍተው ወርቅማ አረንጓዴ ጥንዚዛ ገባች፤ በእጁ ያዛትና «ይኸውልሽ ጥንዚዛሽ» ብሎ ሰጣት። ሕክምናው ቆሞበት ከነበረው ቦታ የተንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ እንደሆነ ጽፏል።

ዩንግ ስለ ተፈጥሮ አሠራር ያቀረበውን መላምት ሳይንስ አላረጋገጠውም፤ እኔም በእርሱ ላይ ልቆም አልችልም። ከታሪኩ የምወደው ሌላ ነገር ነው፤ ሐኪሙ መስኮቱን መክፈቱንና ጥንዚዛዋን በእጁ ላይ አድርጎ ለታካሚዋ መስጠቱን። ስለ ጥንዚዛ ትምህርት ሊሰጣት አልጀመረም፤ ከሰማይ የመጣ ትእዛዝ ነው ብሎም አላስፈራራትም። እንዲሁ አቀበላት።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ክላውስ ኮንራድ የተባለ ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም ያንኑ ጉዳይ ከሌላኛው ጫፍ አየው። ኮንራድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በወታደራዊ ሆስፒታል ያያቸውን፣ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ገና ሲጀምራቸው የነበሩ ወታደሮች መርምሮ የሕመሙን አጀማመር በደረጃ ከፈለው። መጀመሪያ ተዋንያን መድረክ ላይ ከመውጣታቸው በፊት እንደሚሰማቸው ዓይነት ፍርሃት ይመጣል፤ አንድ ነገር ሊሆን ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ቀጥሎ መገለጥ የሚመስል ነገር ይሆናል፤ በዙሪያ ያለው ሁሉ በድንገት ትርጉም ይይዛል፤ የአላፊ አግዳሚው ሳል እንኳን ለእርሱ የተላከ ይሆንበታል። ከዚያም ዓለም በሙሉ በሕመምተኛው ዙሪያ መዞር ትጀምራለች። የተማሪዬን ባጃጆች ያየሁት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ሺቲጅ ካፑር የተባለ ሌላ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳብራራው፣ በአንጎል ውስጥ ያለው ዶፓሚን ለነገሮች ክብደት የሚሰጥ ንጥረ ነገር ነው፤ ሥርዓቱ ሲዛባ ተራው ነገር ሁሉ ከባድና አስቸኳይ ሆኖ ይታያል፤ ሰውየውም ለዚያ ክብደት ምክንያት መፈለግ ይጀምራል። መድኃኒቱ እምነቱን ነቅሎ አይጥልም፤ የነገሩን ክብደት ቀስ በቀስ ያቀልለታል። ታካሚዎች «ነገሩ እንደዚያ መሆኑን አሁንም አስባለሁ፤ ግን አያስጨንቀኝም» የሚሉን ለዚህ ይመስለኛል። ጫት ደግሞ በውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ቅመም ስለሆነ፣ ይህንኑ ሥርዓት ይነካል፤ እንቅልፍንም ይነሣል። በአገራችን ዱዓና ጫት አንድ ላይ በሚሆኑበት ሌሊት፣ ዱዓው የሚያረጋጋውን ጫቱ መልሶ ሲያናውጠው አይቻለሁ። የኮረሪማ ሻጯ ልጅም የታመመው በዚህ መካከል ነበር።

ታዲያ የእናቲቱ «ረቢ ነው የላከሽ» እና የተማሪዋ ሰሌዳ በምን ይለያሉ? ለረጅም ጊዜ መልሱን በይዘቱ ውስጥ እፈልግ ነበር፤ የትኛው ሃይማኖታዊ ነው፣ የትኛው የማይሆን ነገር ነው እያልኩ። ሁለቱም ሃይማኖታዊ ነበሩ። ሁለቱም በስሌት ዓይን አጋጣሚ ነበሩ። ልዩነቱ ምልክቱ በሰውየው ላይ በሠራው ሥራ ውስጥ ነው። የእናቲቱ ምልክት አንድ ጊዜ መጣ፤ ወደ ሰው አቀረባቸው፤ አንድ ነገር አሠራቸውና አበቃ፤ በዚያች ሌሊት ተኙ። የተማሪዋ ግን እየበዛ ሄደ፤ ከሰው ለያት፤ እንቅልፍ ነሣት፤ በመጨረሻም ያዝዛት ጀመር። በእምነቷ ውስጥ ያሉ ሰዎችም አልተጋሯትም። አባቷ ከዓመታት በኋላ እንዳጫወቱኝ፣ እርሳቸውም በልባቸው «ይህ እኛ የምናውቀው ጸሎት አይደለም» ብለው ነበር፤ ግን ለእኔ ሊነግሩኝ አልፈለጉም። ይህን ሳስብ እስከ አሁን ይቆጨኛል። በዚያች ክፍል ውስጥ ሕመምን ከእምነት ለይተው ሊያሳዩኝ ከእኔ ይልቅ የሚችሉት እርሳቸው ነበሩ፤ አልጠየቅኋቸውም።

አሁን እጠይቃለሁ። አንድ ሰው ምልክት እንደታየው ሲነግረኝ ብዕሬን አስቀምጬ ምልክቱ ምን እንዳለው እጠይቀዋለሁ። ከመጣለት ወዲህ እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ፣ ከሰው ጋር መቀመጥ ቀለለው ወይስ ከበደው፣ የንስሐ አባቱ ወይም ሼኩ ወይም ፓስተሩ ሰምተውት ከሆነ ምን እንዳሉት እጠይቃለሁ። ደግሞም፣ ይህን ፈጽሞ ሳልጠይቅ አላልፍም፣ ምልክቱ በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ ጉዳት እንዲያደርስ ያዘዘው ነገር እንዳለ። ብዙ ጊዜ አይወስድም። ጊዜ የሚወስደው ሳይጠየቅ ቀርቶ ከወራት በኋላ የሚመለሰው ሰው ነው።

ሙያው ራሱ ወደዚህ እየመጣ መሆኑ ያጽናናኛል። የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ሃይማኖታዊ ወይም መንፈሳዊ ችግር የሚባል ነገር ሕመም ሳይሆን እንኳን የባለሙያ ትኩረት ሊያገኝ እንደሚችል አስገብቷል። የዓለም ሳይካትሪ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የአቋም መግለጫ የታካሚን እምነትና መንፈሳዊ ሕይወት መጠየቅ የተለመደ የምርመራ አካል እንዲሆን አሳስቧል፤ በዚያው መግለጫ ባለሙያው ሥልጣኑን የራሱን እምነት ለመስበክ እንዳያውለውም አስጠንቅቋል። የኋለኛው ለእኛ አገር ከፊተኛው የሚያንስ አይመስለኝም። በድብርት የተያዘች እናት ከአንድ ባለሙያ «ጸሎት ስላነሰሽ ነው» ተብላ ወደ እኔ መጥታ ታውቃለች፤ ያንን ቃል ከልቧ ለማውጣት ከመድኃኒቱ በላይ ጊዜ ወሰደብን። ታካሚ «ጸልዪልኝ» ብሎኝ ሲጠይቅ አልከለክለውም፤ እኔ ግን «እንጸልይ» ብዬ አልጀምርም። በመካከላችን ክኒን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ እርሱ እምቢ ለማለት ነፃ አይደለም።

ጠበሉንና ዱዓውን በሚመለከት፣ ገመዱንና ሰንሰለቱን እቃወማለሁ፤ ክኒን አቋርጡ የሚለውን ምክርም እቃወማለሁ። ጠበሉን ራሱን ግን አልቃወምም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለአእምሮ ሕመምተኞችም ይኸው ቃል በየጠበሉ ቦታ ቢሰማ ምንኛ በወደድኩ። በጋናና በናይጄሪያ ከ300 በላይ ታካሚዎችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ የባህልና የእምነት ፈዋሾች ከጤና ባለሙያዎች ጋር በጋራ የተከታተሏቸው ሕመምተኞች ከሌሎቹ የተሻለ ለውጥ እንዳሳዩ አመልክቷል። ይህ በወረቀት ላይ ትልቅ ነገር ይመስላል፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሰዓት ጉዳይ ነው። በረመዳን ክኒኑን ከማፍጠሪያ በኋላና በሱሑር ማድረግ፣ በዐቢይ ጾም ከቅዳሴ መውጫ ጋር ማስማማት፣ ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ሲውል መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሊጨምርበት ስለሚችል ከመጾሙ በፊት እንዲያማክረን መንገር፣ ለታመመ ሰው ሁለቱም ሃይማኖቶች ከጾም ማረፊያ እንዳላቸው ከአባቶቹ አፍ እንዲሰማ ማድረግ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከማንኛውም የሙያ ቃል በላይ የረዳኝ ግን «ሰበብ» የሚለው ነው። በገበያ «ሰበብ አታብዛ» ስንል ማመካኛ ማለታችን ነው፤ በለቅሶ ቤት ደግሞ «ሰበቡ ወባ ነው እንጂ ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። የጅማ ሙስሊም ቤተሰቦች «ሰበቡን አድርሺ፣ የቀረው የአላህ ነው» ሲሉ መድኃኒትን መፈለግ በፈጣሪ ከመታመን ጋር እንደማይጣላ እየተናገሩ ነው። በእኛም ዘንድ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለመድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። «ክኒኑ ሰበብ ነው» ስላቸው አባትም እናትም ቀና ብለው ያዩኛል። ፈዋሹ ክኒኑ ነው አላልኩም፤ ክኒኑ ከንቱ ነውም አላልኩም። ተማሪዋ ሁለተኛ ስትመጣ ለአባቷ የተናገርኩት ይህንኑ ነበር። ቄሱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ጠበሉም ሰበብ ነው» አሉኝ። «አዎ፣ አባ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀጠሮ አላለፋቸውም። ልጅቷ ከዓመት ተኩል በኋላ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች፤ ዛሬ በሌላ ከተማ ትሠራለች። ሰሌዳ አታነብም። ያቺን የመጀመሪያዋን የተራሮቹን መዝሙር ግን በየማታው እንደምትደግም ነግራኛለች፤ እኔም ተዪው አላልኳትም።

የኮረሪማ ሻጯ ልጅም እየተሻለው መጣ። በኅዳር ከአጎቱ ጋር ቡና ለቀማ ወጣ፤ በጥር ለመርፌው ሲመጣ ፊቱ ሞልቶ፣ እጁም ሻክሮ ነበር። መርፌውን ወግቼው እጅጌውን እየመለሰ ሳለ ስለ እናቱ ማውራት ጀመረ። «ሲስተር፣ እናቴ እኮ ድሮ የምትሸጠው ከላይ፣ ከመስጊዱ በኩል ነበር» አለኝ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ቦታዋ እዚያ ነው። ወደ ባጃጁ መቆሚያ የወረደችው እርስዎን ብላ ነው። የጤና ሰዎች እዚያ ነው የሚወርዱት አሏት።»

ቀስ ብዬ ጠየቅሁት። እናቱ እኔን ከማግኘታቸው ከአንድ ወር በፊት ብቻቸውን ወደ አንድ የጤና ተቋም ሄደው ነበር። ካርድ ክፍል ላይ «ካርዱ የታለ? ሁለት ወር የት ነበራችሁ?» ብሎ የጮኸባቸው ሰው ነበር፤ አፍረው ተመለሱ፤ ዳግመኛ ለመግባት ድፍረት አጡ። ከዚያ በኋላ አራት ሐሙስ በዚያች ጥግ፣ ደንበኛ በማያውቃቸው ቦታ፣ ዝናብ እየመታቸው ተቀምጠዋል። በሦስቱ ሐሙሶች እኔ አላለፍኩም፤ ወይም አልፌ አላየኋቸውም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ወደ ገበያ ወረድኩ። ወደ ድሮ ቦታቸው አልተመለሱም፤ እዚያችው ጥግ ላይ ነበሩ። ስለ አራቱ ሐሙሶች አልጠየቅኋቸውም። ሩብ ኪሎ ኮረሪማ መዘኑልኝ፤ እየመዘኑም በአጠገባቸው ዝንጅብል ለምትሸጠው ሴት «ያቺ ረቢ የላካት ነርስ እቺ ናት» አሏት። እኔም «አሚን» አልኩ። ሚዛኑ ልክ ሆኖ ከቆመ በኋላ ለምርቃት ብለው አንድ እፍኝ ጨመሩልኝ።